ዊሊ ሎማን ገና አልሰማም

ተዋናይ መድረክ ላይ ባለቀሰ ቁጥር «ወይ ትወና!» እያለ የሚያጨበጭብ ተመልካች ያናድደኛል። የትወና ተማሪዎች እንባን የችሎታ ማስረጃ አድርገው ሲያወሩ ስሰማ ደግሞ ጭራሽ እቃጠላለሁ። እንባ ከትወና ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ጥቂት ወር የሰለጠነ ሁሉ ያመጣዋል። የአርተር ሚለርን «የሻጩ ሞት» የሚያይ ሰው በዚህ እንዳይታለል ነው የምጽፈው። እንደ ዊሊ ሎማን በእንባ የሚበላሽ ገጸ ባሕርይ አላውቅምና።

ታሪኩን አልደግመውም። ዊሊ የ63 ዓመት ተጓዥ ሻጭ ነው፤ ብሩክሊን ይኖራል፤ ሰው የወደደው ሁሉ ይሳካለታል ብሎ ያምናል፤ በዚሁ እምነት የራሱንም የልጁን የቢፍንም ሕይወት ያበላሻል። የተዋናዩ ድምፅ ኋላ ወንበር ድረስ መድረሱን፣ ከዛሬ ወደ ትዝታው ሲሻገር መብራቱ አብሮት መሄዱን ማንም ያያል። የሰውነት መጠንም አያከራክርም። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1949 በኤልያ ካዛን አዘጋጅነት ብሮድዌይ ላይ ሲከፈት ዊሊን የተጫወተው ሊ ጄ ኮብ ግዙፍ ሰው ነበር፤ ዕድሜው ግን ገና 37። በ1984 የተጫወተው ደስቲን ሆፍማን ትንሽዬ ሰው ነው። ዊሊ ሰው በመልኩ እንደተሳለቀበት የሚናገርባት ቃል ለኮብ ግዝፈትን፣ ለሆፍማን ትንሽነትን እንድትነካ ተደርጋ ተቀይራለች፤ ተውኔቱ ግን ያው ተውኔት ነው።

ዋናው ጉድለት ይሄ ነው፦ ተዋናዩ መጨረሻውን አንብቦ ይገባል።

መጋረጃው ተከፍቶ ሁለቱን የናሙና ሻንጣዎች ይዞ ብቅ ሲል ትከሻው ወድቋል፣ አንገቱ ተሰብሯል፣ ድምፁ የቀባሪ ድምፅ ነው። ተመልካቹ «ውይ፣ ምስኪን!» ይላል። በቃ፤ ተውኔቱ እዚያው አለቀ። ገና ሲገባ የሞተ ሰው ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል?

ድካም ሌላ ነው፣ ተስፋ መቁረጥ ሌላ። ዊሊ በእርግጥ ደክሟል፤ መኪናው ከመንገድ እየወጣች አስቸግራው ከመንገድ ተመልሷል። ግን እዚያው ትዕይንት ውስጥ፣ ሚስቱ ሊንዳ አንድ ሐሳብ ጣል ስታደርግለት፣ ነገ አለቃውን አነጋግሮ ኒው ዮርክ ውስጥ የሚሠራበትን መንገድ ማሰብ ይጀምራል። ቢፍን ሰነፍ ነው ብሎ ይሰድበዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ቢፍ ሌላው ቢቀር ሰነፍ አይደለም ይላል። ደካማ ተዋናይ ይህን እንደ መርሳት ይጫወተዋል። ጥሩው ሁለቱንም በሙሉ ልቡ ይናገራል፤ በመካከል ተስፋው ሲነሳ ከፊቱ ላይ ታያላችሁ።

እውነተኛው ፈተና ያለው ግን ሁለተኛው ገቢር ላይ፣ ሃዋርድ ቢሮ ውስጥ ነው። ሃዋርድ የቀድሞው አለቃው ልጅ ነው። ዊሊ የመጣው ሥራ ለመለመን ሲሆን ሃዋርድ አዲስ በገዛው የድምፅ መቅጃ የልጆቹን ድምፅ ያሰማዋል። ዋጋው 150 ዶላር ብቻ ነው ሲለው፣ ለኢንሹራንሱ መክፈያ እንኳ ያጣው ዊሊ እኔም አንድ እገዛለሁ ይላል። እዚህ ላይ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ተዋናዩ በኀፍረት አቀርቅሮ ከተናገረው መጨረሻውን አንብቧል ማለት ነው። ዊሊ በዚያች ቅጽበት መቅጃው የሚቀመጥበትን ቦታ በዓይነ ሕሊናው ያየዋል።

ከዚያ ዋጋው ይወርዳል። በሳምንት 65 ዶላር ይበቃኛል ይላል። ትንሽ ቆይቶ 50። ከዚያ 40። ለማኝ አድርገው የሚጫወቱት ብዙ ናቸው፤ 65ቱን ሲናገሩ ካጎነበሱ 40ው ላይ መድረሻ ያጣሉ። ዊሊ ግን ሻጭ ነው፤ በዚያን ቀን የያዘው ዕቃ ራሱ ነው። ሻጭ ዋጋ ሲቀንስ አያለቅስም፤ ለገዢው ውለታ እንደሚውል ሆኖ ይቀንሳል፣ ወንበሩን ጠጋ ያደርጋል፣ ፈገግ ይላል። እያንዳንዷ ቁጥር አዲስ ስሌት ናት፤ ቤት ውስጥ ከሚከፈሉት ዕዳዎች አንዱን በሐሳቡ እየሰረዘ ነው የሚወርደው። ፈገግታው ቀርቶ ቁጥሩ ብቻ ሲወርድ ካያችሁ ተዋናዩ ሥራውን አልሠራም።

እዚያው ትዕይንት ውስጥ የዴቭ ሲንግልማን ታሪክ አለ። የ84 ዓመት ሻጭ፣ አረንጓዴ የቬልቬት ነጠላ ጫማውን አድርጎ ከሆቴል ክፍሉ ሳይወጣ ስልክ አንስቶ ደንበኞቹን እየጠራ የሚሸጥ፤ ሲሞት ሻጮችና ገዢዎች በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው የቀበሩት። ዊሊ ይህን ሥራ የመረጠው እሱን አይቶ ነው። ይህ ታሪክ የምሽቱ ብሩህ ቦታ መሆን አለበት። ሕልሙ ካላማረ የሚያሳድደው ሰው ሞኝ ይሆናል፤ የሞኝ ውድቀት ደግሞ ትራጄዲ አይደለም። የዊሊን ቀብር ከቤተሰቡ፣ ከጎረቤቱ ከቻርሊና ከቻርሊ ልጅ በቀር ማንም እንደማይመጣለት ተመልካቹ በኋላ ያየዋል። ተዋናዩ ግን ሲንግልማንን ሲተርክ ያን ማወቅ የለበትም።

ይህን መለኪያ የሰጠኝ ያስተማረኝ አዘጋጅ ነው፤ አሁን በሕይወት የለም። ልምምድ ላይ የተዋናይ ድምፅ ገና መሰበር ሲጀምር እጁን ያነሳና «ማን ሞተ?» ይል ነበር። አንድ ቀን የሃዋርድን ትዕይንት የሚለማመድ ወጣት ተከራከረው፦ «ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ሊባረር ነው!» አለ። «እሱ ገና አልሰማም፤ አንተ ከማን ሰማህ?» አለው። ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ስለ ሀገሩ አልቃሽ አጫወተን። ጥሩ አልቃሽ፣ አለን፣ ራሷ ስቅስቅ ብላ አታለቅስም፤ የሟቹን ጀግንነት፣ ደግነቱን፣ አቋሙን እያነሳች ትደረድራለች፣ የሚያለቅሰው ሕዝቡ ነው። ራሷ ካለቀሰች ግጥሙ ይጠፋባታል። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብሎ የሚያለቅስ ዊሊ ባየሁ ቁጥር የጋሼ እጅ ትነሳብኛለች።

ሌላም ልማድ ነበረው። መጨረሻውን አውቀው እንዳይገቡ ለመጀመሪያው ሳምንት የዊሊን ሞት ማንም እንዲያነብ አይፈቅድም ነበር። ተዋናዮቹ ያጉረመርሙ ነበር፤ እሱ ግን ንቅንቅ አይልም።

በመጨረሻው ምሽት ዊሊ በባትሪ ብርሃን አትክልት ይተክላል። የካሮት፣ የቀይ ሥርና የሰላጣ ዘር ይዞ በመደቦቹ መካከል ያለውን ርቀት ይለካል። እብድ አድርገው የሚጫወቱት ተሳስተዋል፤ እሱ የሚለካው የሚበቅል ነገር ለመትከል ነው። ቀጥሎ ቢፍ ተራ ሰዎች ነን ብሎ እውነቱን ይነግረውና እላዩ ላይ ወድቆ ያለቅሳል። ዊሊ ከዚያ ሁሉ የሚሰማው አንድ ነገር ነው፦ ልጄ ይወደኛል! ተደንቆ፣ ተደስቶ ይቀራል። መኪናውን አስነስቶ የሚሄደው በ20 ሺህ ዶላሩ ኢንሹራንስ ቢፍ ትልቅ ሰው ይሆናል ብሎ ነው። ተስፋ ቆርጦ አይደለም የሚሞተው። ተስፋው ነው የገደለው። ይህን ደስታ የማያሳይ ዊሊ ለእኔ ዊሊ አይደለም፤ የሚያሳዝን ሽማግሌ ብቻ ነው።

ሚለር በዚያው በ1949 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ባወጣው ጽሑፍ ተራ ሰውም እንደ ንጉሥ የትራጄዲ ጀግና ይሆናል ብሎ ተከራክሯል፤ መሠረቱ ሰው ለክብሩ ሲል ሕይወቱን አሳልፎ ለመስጠት መዘጋጀቱ ነው። ክብር የሌለው፣ ከመጀመሪያው የሚልመጠመጥ ዊሊ ይህን ክርክር ያፈርሰዋል። በ1983 ሚለር ራሱ ቤጂንግ ሄዶ ተውኔቱን በቻይንኛ ሲያዘጋጅ ተዋናዮቹ ፈረንጅ ለመምሰል ቢጫ ዊግ እንዳያጠልቁ ከልክሏል። ተርጉሞ ዊሊን የተጫወተው ዪንግ ሩዎቼንግ ነበር። በአማርኛ የሚያዘጋጅ ሰውም ይህን ይያዝ፦ ከዊሊ የሚወሰደው እምነቱ ነው፤ ኮቱና ባርኔጣው ይቅር።

እንግዲህ ደንቡ ይኸውላችሁ። ዊሊ በመጀመሪያው ገቢር ለራሱ ካለቀሰ ትወናው ወድቋል፤ የቀረው አያድነውም። ሲንግልማንን በሐዘን ድምፅ ከተረከ ወድቋል። በ40 ዶላሩ ላይ ገና የሚሸጥ ካልመሰለ ወድቋል። ከአዳራሽ ስትወጡ ጓደኛችሁን አለቀስክ ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይሳካለታል ብለህ ያመንክበት ጊዜ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁት። አዎ ካለ ተዋናዩ ጭብጨባው ይገባዋል። ዊሊን ለመጫወት የተመረጠ ወጣትም እርሳሱን ያንሳና ሰውየው ተስፋ የሚያደርግባቸውን ቦታዎች ሁሉ ቃለ ተውኔቱ ላይ ያስምርባቸው፤ ልምምዱን ከእነሱ ይጀምር።