ሳላህን የሸጥኩ ዕለት

መቼም ሰው ሃምሳን ከተሻገረ በኋላ የማይሆነው ነገር የለም። እኔ አሰልጣኝ ሆንኩ። ያውም የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች አሰልጣኝ፣ ያውም የአሥራ አምስት ሰው። ለዚህ ማዕረግ ያበቃኝ የእህቴ ልጅ ነው። ቆጋ ላይ በመስኖ ሽንኩርትና ድንች ያለማል። ክረምት ሲገባ ቦዩ ስለሚያርፍ እሱም ትንሽ ያርፍና ወደ ባሕር ዳር ብቅ ይላል። በ2016 ነሐሴ፣ ፍልሰታ ሳይፈታ፣ ግማሽ ማዳበሪያ ድንች ይዞ መጣና ገና ሳይቀመጥ፣

“ጋሼ፣ እስቲ ስልክዎን ይስጡኝ፤ ስምንተኛ ሰው ጎድሎብናል” አለኝ።

ዕቁብ መስሎኝ ነበር። ፋንታሲ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ፤ የሚያውቁት ይለፉት። በወረቀት ላይ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይሰጥሃል። በዚያ 2 በረኛ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይና 3 አጥቂ ትገዛለህ። ከአንድ ክለብ ከ3 ሰው በላይ መውሰድ አይቻልም። ሰዎችህ ቅዳሜና እሑድ በእውነተኛው ሜዳ የሠሩት ሥራ ወደ ነጥብ ይለወጣል፤ ካፒቴን ያደረግኸው ደግሞ እጥፍ ያመጣል። በየሳምንቱ አንድ ሰው በነጻ መቀየር ትችላለህ፤ ከዚያ ያለፈ እያንዳንዱ ቅያሪ 4 ነጥብ ያስቀንሳል። በሩ የሚዘጋው የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ነው። በእኛ አቆጣጠር አንዳንዴ ቅዳሜ ቀን 7 ሰዓት፣ አንዳንዴ ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። በዕድሜዬ መቶ ሺ ብር በአንድ ቀን ቆጥሬ የማላውቅ ሰው መቶ ሚሊዮን ፓውንድ በአንድ ማታ ጨረስኩና ተኛሁ።

በዚያ ዓመት ትልቁ ጥያቄ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሀላንድ 15 ሚሊዮን፣ ሳላህ 12.5 ሚሊዮን። ሁለቱንም የያዘ ለቀሩት አሥራ ሦስቱ የሚተርፈው 72.5 ነው፤ ይኸ ማለት ደግሞ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋ ሰው መሰብሰብ ነው። እኔ ሳላህን ብቻ ያዝኩ።

እናላችሁ፣ ሊጉ ተጀመረ። ሀላንድ ቼልሲ ላይ አንድ፣ ኢፕስዊች ላይ ሦስት፣ ዌስትሃም ላይ ሦስት። በሦስት ሳምንት 7 ጎል! የእኔም ሰውዬ ሰንፎ አይደለም፤ በሦስቱም ሳምንት አግብቷል። ነገር ግን የጎረቤት ድስት ሲንተከተክ የራስን ወጥ ማን ይቀምሳል? መስከረም 4 ቀን 2017፣ የአዲስ ዓመቱ ጠላ ገና ሳያልቅ፣ ሀላንድ ብሬንትፎርድ ላይ ሁለት ጨመረ። በዚያው ቀን ሊቨርፑል በሜዳው በኖቲንግሃም ፎረስት 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ሳላህ ባዶውን ወጣ። ያን ማታ ሸጥኩት። የዋጋውን ልዩነት ለመሙላት አንድ ሌላ ሰው አብሬ ሸጥኩ፤ 4 ነጥብም ከፈልኩ። አንድ ቀን ባዶ ስለወጣ ነው እንግዲህ!

ከዚያ የሆነውን ኳስ የሚከታተል ሁሉ ያውቀዋል። ሀላንድ በአምስት ጨዋታ 10 ጎል ካገባ በኋላ በሊጉ ሦስት ሳምንት ዝም አለ። ሳላህ ዓመቱን በ29 ጎልና በ18 አመቻችቶ ማቀበል ጨረሰ፤ በፋንታሲውም 344 ነጥብ አመጣ። ጨዋታው በ2002 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከተጀመረ ወዲህ እስከዚያ ድረስ አንድ ተጫዋች ይህን ያህል አምጥቶ አያውቅም።

እኔ ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ተማሪዎቼን አጥብቄ የምቆጣቸው በአንድ ነገር ነበር፤ መጽሐፉን ሳይጨርሱ ሂስ ሲጽፉ። “ፍቅር እስከ መቃብር”ን የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ብቻ አንብቦ የተነሣ ሰው ባለታሪኩ ቦጋለ መብራቱ ነው ብሎ ይምላል። በፋንታሲ ቋንቋ ካፒቴን የሚያደርገው ቦጋለን ነው። በዛብህ ገና አልተወለደማ! ይህን ምሳሌ በየዓመቱ እየደጋገምኩ ተማሪ አስቅ የነበርኩት ሰውዬ ነኝ እንግዲህ በአራተኛው ሳምንት ሳላህን የሸጥኩት።

ጨዋታውን እንደ አንድ ድርሰት ካነበብነው ትልቁ ጉድለቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። አርፎ ለተቀመጠ ሰው የሰጠው ቦታ የለም። በየሳምንቱ “ምን ትቀይራለህ?” እያለ ይጠይቅሃል። ብዙ ሰው የፈለገው ተጫዋች ዋጋው በ0.1 ሚሊዮን ከፍ ይላል፤ ዛሬ ካልገዛህ ነገ ይወደዳል የሚል የገበያ ጭንቀት ይለቅብሃል። የገዛኸው ሰው ዋጋው ወጥቶ ብትሸጠው እንኳ ከትርፉ የሚደርስህ ግማሹ ነው፤ ደላላውን ግን አታየውም። እውነት ለመናገር በዚያው በ2017 ውድድር አንድ ማሻሻያ አድርገዋል፤ ያልተጠቀምክበትን ነጻ ቅያሪ እስከ አምስት ድረስ ማጠራቀም ተፈቀደ፤ ቀድሞ ሁለት ብቻ ነበር። ትዕግሥት ትንሽ ዋጋ አገኘ ማለት ነው። ነገር ግን የውድድሩ መጀመሪያ ላይ ማን ይታገሣል? ሦስት ጨዋታ አይተን የሰውን ዓመት እንጽፋለን።

ደግሞ የችኮላ ፍርድ አንዳንዴ ልክ ይሆናል፤ ችግሩም ይኸው ነው። በ2015/16 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ማህሬዝን በ5.5 ሚሊዮን ነሐሴ ላይ ያነሣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ነገሠ፤ ሌስተርም ዋንጫ በላ። በ2008 ደግሞ አምር ዛኪ የሚባል ግብጻዊ ለዊጋን በመጀመሪያዎቹ ወራት ጎል ሲያዘንብ ያዩ ሁሉ ገዙት፤ ዓመቱ ሲያልቅ 10 ጎል ላይ ቆሞ ተገኘ። በመስከረም ላይ ሆኖ ማህሬዙን ከዛኪው የሚለይ ዓይን ለማን ተሰጠ?

ስሙም ቢሆን ያስቀኛል። “ፋንታሲ” ምናብ ማለት ነው። ምናቡ የታለ? እኔ ምናብ የማውቀው በ1980 ነው። ኢትዮጵያ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትበላ ከሬዲዮ ሥር ተኮልኩለን በደምሴ ዳምጤ ድምፅ ብቻ ሜዳውን፣ ማልያውን፣ የተመልካቹን ላብ ሳይቀር ፈጠርን። የማናየውን ሁሉ ነበር የምናየው። አሁን ሁሉን እያየን የምናሰላው ነጥብ ነው። “እሱማ 5.5 ነው” ይባላል ስለ አንድ የሰው ልጅ። ኅዳር 2012 እዚሁ ባሕር ዳር ስታዲየም ብሔራዊ ቡድናችን ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ዋጋው ስንት እንደሆነ የተጠየቀ ተጫዋች አልነበረም።

ከሁሉ የከፋው ግን ልብን መክፈሉ ነው። ከቬንገር ዘመን ጀምሮ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ሳላህን ሸጬ ሀላንድን በገዛሁ ማግስት፣ መስከረም 12፣ ሲቲና አርሰናል ተገናኙ። ዲኤስቲቪ ቤት ገብቼ በቀይና ነጭ ማልያ መሐል ተቀመጥኩ። በ9ኛው ደቂቃ ሀላንድ አገባ። ፊቴ ላይ ፈገግታ መጣብኝ፤ መለስኩት፤ አልመለስ አለኝ። አጠገቤ የነበረው ወጣት ዞር ብሎ አየኝና “ፋዘር፣ የማን ነዎት?” አለኝ። ምን ልበለው? አርሰናል በመጀመሪያው አጋማሽ ማብቂያ ሰው በቀይ ካርድ ወጥቶበት፣ 2 ለ 1 እየመራ፣ ሁለተኛውን አጋማሽ በሙሉ እንደ ግድብ ሲከላከል ዋለ። በ98ኛው ደቂቃ ስቶንስ አስቆጥሮ 2 ለ 2 ሲሆን ቤቱ ሐዘን ገባ። እኔም አዘንኩ። ግን ሐዘኔ ውስጥ አንዲት ድብቅ ቁጭት ነበረች፤ ምነው ያገባው ሀላንድ በሆነ!

በነገራችን ላይ ይህ ነገር ቁማር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሲመዘገቡ ገንዘብ አይከፈልም። ከውርርድ ቤት ደጃፍ ትኬት ጨብጠው የሚያመሹት ልጆች ጉዳይ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚሸጠው የቤት አስቤዛ ነው። እኛ ስምንታችን የምንወራረደው በአሣ ጥብስ ነው፤ የመጨረሻው ሰው ጣና ዳር ይጋብዛል።

አሁን ስለ እህቴ ልጅ ቡድን ላውራ። በ2015 ሐምሌ፣ እኔ ገና ሳልገባበት፣ ቡድኑን ሠራ፤ ዴ ብሩይነን በ10.5 ሚሊዮን ገዛ፤ ሀላንድን ካፒቴን አደረገ። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፤ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሊጉ ነሐሴ 5 ተጀመረ። በመጀመሪያው ጨዋታ፣ በርንሌይ ላይ፣ ሀላንድ ሁለት አገባ፤ ዴ ብሩይነ ደግሞ በ23ኛው ደቂቃ ጅማቱን ይዞ ወጣ። በዓለም ላይ ያለ አሰልጣኝ ሁሉ ዴ ብሩይነን ሸጠ። ቆጋ ላይ ያለው አሰልጣኝ አልሸጠም። በምን ይሽጠው?

“አዲስ አበባ ላለው ጓደኛህ የይለፍ ቃልህን ሰጥተኸው አይቀይርልህም ነበር?” አልኩት አንድ ጊዜ።

“ጋሼ፣ ስልክ የተገኘ ዕለት የሚጠየቀው እኮ ‘ማን አለ?’ ነው። ስለ ካፒቴን ማን ይጠይቃል?” አለኝ።

ዝም አልኩ። ቡድኑ እንደ ተሠራ ወራት ቆመ። ጥር 4 ቀን 2016 ዴ ብሩይነ ኒውካስል ላይ ከወንበር ተነሥቶ ገብቶ አንድ አገባ፣ አንድ አቀበለ፤ ሲቲም 3 ለ 2 አሸነፈ። ባለቤቱ የሰማው ከቀናት በኋላ ነው። በዚያው ወር፣ ጥር 20፣ መራዊ ላይ የሆነው ደግሞ በዚህ ዓምድ ከኳስ ጋር የሚጻፍ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ገጽ፣ ምናልባትም ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይገባዋል። የማይነካው ቡድኑ ብቻ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ተሰለፈ። ከስምንት ሰው ስድስተኛ ወጣ። በየሳምንቱ ሲቀይሩ የከረሙ ሁለት የአዲስ አበባ አሰልጣኞች ከሥሩ ነበሩ፤ አሣውን የከፈለው ከእነሱ አንዱ ነው።

ወደ ሳላህ ልመለስ። የሸጥኩ ዕለት ማታ ልጁ ደወለ። ቡድኖቻችንን እርስ በርስ እናያለን፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው እንጂ የሚታየው እኔው ራሴ ነግሬው ነበር። እየሳቀ፣

“ጋሼ፣ እኔንም እኮ እንዲሁ ነው የሸጡኝ” አለኝ።

ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤቱ ሲመጣ እናቱ ወረቀቱን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። መምህሩ ወንድሟ እኔ ነኛ! ወረቀቱን አየሁ፤ መነጽሬን አወለቅሁ፤ “ይህ ልጅ ለትምህርት አልተፈጠረም፣ ጊዜውን አታባክኚበት” አልኳት። አንድ ሴሚስተር ነው ያየሁት። የመጣው ከገጠር ትምህርት ቤት መሆኑን፣ በዚያ ሴሚስተር አባቱ ታሞ እየተመላለሰ እንደነበር አልጠየቅሁም። እህቴ ቃሌን እንደ ዲግሪ ተቀበለችው። ልጁ ጓዙን ጠቅልሎ መራዊ ተመለሰ። ይህ ከሆነ አሥር ዓመት አልፎታል፤ አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። በሳቅ አነሣው። የምመልሰው አጣሁና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ጠየቅሁት።

ሽንኩርቱ ደህና ነው። ቆጋ ከ7 ሺ ሄክታር የማያንስ መሬት የሚያጠጣ ግድብ ነው፤ ውሃው በግልገል ዓባይ አድርጎ ጣና የሚገባ ወንዝ ነበር፤ አሁን መንገድ ላይ ስንዴና ድንች እያበቀለ ይሄዳል። ልጁ አርሶ የበላ፣ ቤት የሠራ ሰው ነው። ይህን የምለው ራሴን ለማጽናናት እንዳይመስላችሁ፤ መምህር ይሆን ነበር ወይስ አይሆንም ነበር የሚለውን ማንም ሊነግረኝ አይችልም። የሳላህን ነጥብ የውድድሩ መዝገብ ነገረኝ፤ የልጁን የሚነግረኝ መዝገብ ከየት ይመጣል?

በ2017 ነሐሴ አዲሱ ውድድር ሲከፈት ሳላህ 14.5 ሚሊዮን ሆኖ መጣ። ዓይኔን ጨፍኜ ገዛሁት። በመክፈቻው ቦርንማውዝ ላይ አገባ። ከዚያ ከመስከረም 17 እስከ ጥቅምት 15 ሊቨርፑል በሊጉ አራት ጊዜ በተከታታይ ተሸነፈ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሳላህ አላገባም። ሰው ሁሉ ሸጠው። እኔ ሰባተኛ ላይ ሆኜ ጠበቅሁት፤ ነጥቤም እንደ ጥቅምት ጣይ ጭል ጭል ትላለች።

ኅዳር መግቢያ ላይ ልጁን ደውዬ በርቀት ትምህርት መመዝገብ እንደሚቻል ነገርኩት፤ ወጪው በእኔ ነው አልኩት።

“ቦዩ ሊከፈት ነው ጋሼ፤ መደቡ አልተሰናዳም። እስቲ ሽንኩርቱን ላንሣ” አለኝ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ “ሳላህ አለ እንዴ አሁንም?”

“አለ።”

“ኧረ ይሽጡት!”

አልሸጥኩትም።