ገጣሚውና አዝማሪው ለምን ተለያዩ?



ከጦርነቱ በፊት፣ በካርቱም በጀብራ ሰፈር፣ በአንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ወጣቶች የተማሪዎች ምሽት አሰናድተው ነበር። ያን ሰፈር ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነቱ በተነው። ዛሬ በዚህ ሰፈራችን ያሉ ወጣቶች ተመሳሳይ ምሽት ለማዘጋጀት ደፋ ቀና እያሉ ነውና፣ የጀብራውን አንስተን ሂስ ብናደርግበት ይጠቅማል እንላለን።

ምሽቱ ለሁለት የተከፈለ ነበር። በመጀመሪያው ክፍል ግጥም ተነበበ፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። ግጥሙ ሲያበቃ የመድረኩ መሪ ተነሥቶ «ቁም ነገሩ አልቋል፤ አሁን ወደ ጨዋታው!» አለ። ወንበሩ ተነሣ፣ ኦርጋኑ ተከፈተ፣ ጭፈራው ቀለጠ። ገጣሚዎቹም ደብተራቸውን አጥፈው ወጡ። ሂሳችን የሚነሣው ከዚያች ከመድረክ መሪው አነጋገር ነው። ግጥም ቁም ነገር፣ ዘፈን ጨዋታ ነው ያለን ማነው?

ይህ ክፍፍል የጀብራ ልጆች የፈጠሩት አይደለም፤ የወረሱት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን በዓላቸው ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ግጥም ያነቡ እንደነበር ብዙዎቻችን ሰምተናል። ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘውን ግጥሙን በ1953 ዓ.ም. አሰማ፤ የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ ገና ወራት ብቻ አልፈው ነበር። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ ጥበብ ፈልሳፊዎችን ሁሉ እየጠራ የሚረግመውን «በረከተ መርገም»ን አቀረበ። እነዚህ ግጥሞች ከመጽሐፍ በፊት በድምፅ፣ በአካልና በአደባባይ የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ ከሥነ ጽሑፍ ይልቅ ለትርኢት ይቀርባሉ ብንል አልተሳሳትንም።

ሥራቸውም ከቅኔ ማሕሌት የመጣ ነው። የቅኔው ተማሪ በጉባኤ መሐል ቆሞ፣ ንጉሥም ይሁን ሊቅ ፊት፣ ትናንት ያልተባለውን ዛሬ ይዘርፋል። የኮሌጁ ገጣሚ ያንን ድፍረት ወረሰ፤ ሰሙን ግን ገፍፎ ወርቁን ብቻ ይዞ ቀረበ። በዚህ አተረፈ፤ ሳይተረጎምለት ማንም ሰማውና። ከሰረም፤ ከሰሙ ጋር ዜማው ሄደበት። ከዚያ ወዲህ የመጣው ተከታዩ ጩኸቱን እንጂ ጥበቡን አልቀዳም። በጀብራ የሰማናቸው ግጥሞች አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ግልባጭ ነበሩ። ባላባትና ጭሰኛ አሉ፤ የስደተኛ ወረቀት የለም፣ የካርቱም ሐሩር የለም። የሌላ ሰው ቁጣ በውሰት አይነድም።

ዘፈኑስ? በዚያው ዘመን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማዕከል ሌላ ሙከራ ይካሄድ ነበር። በግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ሊቅ ሃሊም ኤል ዳብህ እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ፤ በኋላም ተስፋዬ ለማ መራው። ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታ፣ ከበሮ፣ ከየአገሩና ከየሥርዓቱ ተጠርተው በአንድ መድረክ ተቀመጡ። አዝማሪው ከጠጅ ቤት ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ ሙያተኛ ተብሎ መታየቱ ታላቅ ነገር ነው፤ ይህን የሚያቃልል የአዝማሪን ስም እንደ ስድብ የሚጠራ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በእኛ አስተያየት አንድ ጉድለት ነበረበት። የአዝማሪ ዋና ጥበቡ ጣቱ ብቻ ሳይሆን አፉ ነው፤ የተቀመጠውን ሰው እያየ፣ ግጥም እየተቀበለ፣ እዚያው ፈጥሮ መመለሱ ነው። በተጠና ቅንብር ውስጥ ሲገባ ይህ ጥበቡ ቦታ ጠበበው። ገጣሚው ዜማውን እንዳጣ ሁሉ፣ አዝማሪውም በዚያው ግቢ ቃሉን አጣ። አንዱ የሌላውን የጎደለ እጅ ይዞ ነበር፤ ግን አልተገናኙም።

ተማሪው ለመድረክ ትርኢት ደንታ ቢስ ነበር ማለታችን አይደለም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በግቢው ሊደረግ የታሰበውን የልብስ ትርኢት ተማሪዎች ተቃውመው የተነሡት መድረክ ማንን እንደሚያገለግል ስለገባቸው ነው። ገጣሚውና ዘፋኙ መልሰው የተገናኙትም በአዳራሽ ሳይሆን በመንገድ ላይ ነው። «ፋኖ ተሰማራ» የተባለው መዝሙር በሰልፈኛው አፍ ሲዘመር አንባቢና አድማጭ የሚባል ልዩነት አልነበረም፤ ሁሉም ተቀባይ ሆነ።

ካርቱምም ለዚህ ትምህርት አላት። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪው አሕመድ አልቁረሺ ተገድሎ ሕዝቡ በተነሣ ጊዜ፣ የጄኔራል አቡድ አገዛዝ ወደቀ። መሐመድ ወርዲም የመሐመድ አልፈይቱሪንና የመሐመድ አልመኪ ኢብራሂምን ግጥሞች በዜማ አውጥቶ ዘፈናቸው። በዚያ አገር ገጣሚው ደብተሩን አጥፎ አልወጣም፤ ዘፋኙን ይዞ ተቀመጠ እንጂ። ይኸው ወርዲ እ.ኤ.አ. በ1990 ኢታንግ ድረስ መጥቶ በአገራችን ለተጠለሉት የሱዳን ስደተኞች ዘፈነ። ስደተኛ ዘፈን ቅንጦት ነው የሚል ካለ ይህን ያስብ።

አሁን ወደ ጀብራው ምሽት እንመለስ። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ መብራት ጠፋ። ኦርጋኑ ዝም አለ። ሰው ሊበተን ሲል፣ ከጀበናው አጠገብ ተቀምጣ የነበረች ልጅ በትዝታ ቅኝት ማንጎራጎር ጀመረች፦

«ፈተና ሳልጨርስ ከግቢዬ ወጥቼ፣
ፈተናው ጨረሰኝ ከሰው አገር ገብቼ።»

ጎረቤት የነበረ ሱዳናዊ ተማሪ አማርኛውን ሳያውቅ በጭብጨባ፣ ቀጥሎም በድምፁ ተቀበላት። የእነርሱም ዘፈን እንደ ትዝታችን በአምስት ድምፅ የሚሄድ ነውና ዜማው አልጠፋውም። ከዚያ በኋላ አንዱ ግጥም ሲሰጥ ሌላው ሲቀበል አመሸን። ሁለቱን ስንኞች እንመርምራቸው። ሰሙ የትምህርት ቤት ፈተና ነው፤ ወርቁ የስደት መከራ። መጀመሪያ ጨራሽዋ ልጅቱ ልትሆን ነበር፤ በሁለተኛው ስንኝ ጨራሹ ፈተናው ሆነ። ባላባት አልተረገመም፣ መፈክር አልተነሣም፤ የተቋረጠው የትምህርት ዘመን ግን እንዳለ ተነገረ። በምሽቱ ከተነበበው ሁሉ በልባችን የቀረው ይህ ነው። እርስዋ ግን በመርሐ ግብሩ ላይ ስምዋ አልነበረም፤ ቡና እንድታፈላ ነበር የተጠራችው።

ስለዚህ አዘጋጆቹን የምንለው አጭር ነው። ምሽቱን ለሁለት አትክፈሉት። የቆየውን ግጥም እንደ መማሪያ አንብቡት፤ እንደ ራሳችሁ ቃል ግን አታቅርቡት። ኦርጋኑም ይምጣ፤ ነገር ግን አንድ ሰዓት ያህል ይዘጋ። ከመድረኩ አጠገብም ማን ቡና እያፈላ እንደሆነ ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። በዚህ ሰፈር ፈተናውን ሳይጨርስ የወጣ ብዙ ነው፤ የሚናገረውን ደግሞ ከማንም አይዋስም።