የቀሬና ብር በቀርጤስ ማኅተም ሥር

ከቀርጤስ ደሴት ከተሞች መካከል ጎርቲናና ፋይስቶስ ከክርስቶስ ልደት አስቀድሞ በአራተኛው ምዕት ዓመት ማለቂያ ገደማና ከዚያም ወዲህ ካሳተሟቸው የብር ገንዘቦች አንዳንዶቹን በእጁ ይዞ፥ ወደ ብርሃንም አዘንብሎ ቀስ እያለ የሚያዞር መርማሪ፥ በዛፍ ላይ ከተቀመጠችው ከኤውሮጳና አንገቱን ወደ ኋላ ከመለሰው ከበሬው ሥዕል ሥር፥ ከፊሉ ተደምስሶ ከፊሉ የተረፈ ሌላ ሥዕል ያገኛል፤ እርሱም አንድ ጊዜ የሲልፊዮን ተክል ግንድ፥ አንድ ጊዜም የአውራ በግ ቀንድ የበቀለበት የዜውስ አሞን ራስ ነው። ይህ የታችኛው ማኅተም የቀሬና ነው፤ ቀሬናም ወንጌል የጌታን መስቀል የተሸከመውን ስምዖንን በስሟ የምትጠራባት ያችው የሊቢያ ጠረፍ ከተማ ናት።

አንዲት ከተማ የሌላይቱን ገንዘብ ሳታቀልጥ በላዩ ማኅተሟን ስለ ምን ታሳርፋለች? ብዙ ጸሐፊዎች፥ ሥዕል በሥዕል ሲሸፈን ባዩ ቁጥር፥ የድልና የሽረት ምልክት አገኘን ማለት ይቀናቸዋል። ለቀርጤስ ግን መልሱ ከዚህ የቀለለ ይመስለኛል። ደሴቲቱ የራሷ የብር ማዕድን ስላልነበራት፥ ብሩን ታገኝ የነበረው በባዕዳን ገንዘብ መልክ ነው፤ ከቀሬና ገንዘብ በፊትም የኤጊናን ባለ ኤሊ ብር እንዲሁ በራሷ ማኅተም ስትመታ ኖራለች። ብርን አቅልጦ፥ በልክ አፍስሶ፥ እያንዳንዱንም መዝኖ ማዘጋጀት ከአንጥረኛው ሥራ አድካሚው ክፍል ሲሆን፥ ተዘጋጅቶ የመጣውን ገንዘብ በእሳት አግሎ በሁለት የማኅተም ብረቶች መካከል አኑሮ በመዶሻ መምታት ይህን ሁሉ ድካም ያስቀራል። ምቱ በላላበትና የማኅተሙ ብረት በጎደጎደበት ስፍራ የቀድሞው ሥዕል ቢተርፍ ለአንጥረኛው ግድ አልነበረውም።

እውነተኛ የመሻር ፈቃድ ያለበትን ለማየት ወደ ይሁዳ መሻገር ያስፈልጋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ132 እስከ 135 ዓ.ም. በሮም ላይ የተነሣው ስምዖን ባር ኮክባ ገንዘቡን ያሳተመው በሮም መንግሥት ገንዘብ ላይ ነበር፤ በአንጾኪያና በሌሎች ከተሞች ታትሞ የነበረው ታላቁ ብር የቤተ መቅደሱን ገጽ ተቀበለ፥ ጽሑፉም በጥንታዊው የዕብራውያን ፊደል የኢየሩሳሌምን ነጻነት ዐወጀ። እዚህ ላይ ዓላማውን የሚነግረን ጽሑፉ እንጂ የመዶሻው ምት አይደለም። ናሱን በሞረድ እየፋቁ የቄሣርን መልክ ያጠፉት እነዚያው ሰዎች፥ ብሩን መፋቅ ክብደቱን ማጉደል ስለሚሆንባቸው በአብዛኛው እንዳለ መቱት፤ ስለዚህም በአንዳንዱ ላይ የቄሣር ራስ ከቅዱሱ ሥዕል ጎን እስከ ዛሬ ይታያል። እንዲህ ያለ ቅንዓት እንኳ በሚዛን ፊት ከተገታ፥ የጎርቲናን አንጥረኛ በቀሬና ላይ ቂም የቋጠረ አድርጎ መቍጠር ከማስረጃው ማለፍ ነው።

የዚህ ድርብ ማኅተም ከፍተኛው ጥቅም ለዘመን ቍጥር ነው። የጎርቲና ገንዘብ የታተመበትን ዓመት አይናገርምና፥ የቀደሙት ሊቃውንት ዘመኑን የወሰኑት በሥዕሉ ውበት ነበር፤ ውበት ደግሞ፥ ከልብ እንነጋገር ከተባለ፥ ተመልካቹ የወደደውን ዘመን ሁሉ የሚመሰክር ምስክር ነው። ፈረንሳዊው ዦርዥ ለ ሪዴር በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ቀርጤስ ገንዘብ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ከታች ያለው ማኅተም ከላይኛው መቅደሙ የማይቀር መሆኑን መሠረት አድርጎ፥ የቀሬናውን ገንዘብ ዘመን በመከተል ብዙዎቹን የጎርቲናና የፋይስቶስ ገንዘቦች ቀድሞ ከተሰጣቸው ዘመን ወዲህ አወረዳቸው።

ብሩ ወደ ደሴቲቱ የገባበትን መንገድ ሲፈልግም የቲብሮንን ዘመቻ ጠቀሰ። ይህ የስፓርታ ሰው የእስክንድርን ግምጃ ቤት ዘርፎ የሸሸውን ሐርጳሎስን በቀርጤስ ገድሎ፥ ገንዘቡንና ቅጥረኛ ጭፍራውን ወርሶ ወደ ቀሬና ተሻገረ፤ በ322 ከክርስቶስ ልደት በፊት ግን የበጥሊሞስ የጦር አለቃ ኦፌላስ ድል ነሥቶት ጠፋ። ከዘመቻው የተመለሱ ቀርጤሳውያን ደመወዛቸውን ይዘው ገቡ የሚለው ሐሳብ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ዲዮዶሮስ እንደ ጻፈው፥ ቀሬናውያን ለቲብሮን ሊከፍሉ ከተስማሙበት 500 መክሊት ብር 60ውን ብቻ ከፍለው ውሉን አፍርሰዋል፥ ይህንንም የመከራቸው ከቲብሮን ወገን ከድቶ የመጣ ምናሲቅሌስ የተባለ የቀርጤስ ተወላጅ ነበር። እንግዲህ ቀርጤሳዊው ወታደር ብሩን ከድል አድራጊው ወይም ከተሸናፊው፥ ከወራሪው ወይም ከከተማይቱ ሊቀበል ይችል ነበር፤ የሁለቱን ጠረፎች ባሕር አዘውትሮ የሚያቋርጥ ነጋዴም ያንኑ ብር ያለ ጦርነት ሊያመጣው ይችል ነበር። የታችኛው ማኅተም ብሩ ከየት እንደ ተነሣ ይመሰክራል እንጂ ማን እንዳመጣው አይመሰክርም። በመሆኑም የቲብሮን ታሪክ ከለ ሪዴር ክርክር ቢወጣ እንኳ፥ በእርሱ የተስተካከለው የገንዘቦቹ ቅደም ተከተል በቦታው ይቆያል፤ የቆመው በብሩ ላይ እንጂ በታሪኩ ላይ አይደለምና።