ዝም ያለው ሰው እየሰማ ነው

በአሜሪካ የመጀመሪያው ደረጃ የአማተር ሬዲዮ ፈተና 35 ጥያቄ አለው፤ 26ቱን የመለሰ ያልፋል። ሜሪላንድ ውስጥ ስፈተን ስለ አንቴና፣ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ሕግ ተጠይቄ አለፍኩ። ቁልፍ ተጭኖ ለማያውቁት ሰው «እንዴት አመሹ» ማለት ለምን እንደሚያስፈራ ግን የጠየቀኝ አልነበረም። ያ ፍርሃት ሦስት ሳምንት ሙሉ አፌን ለጎመው። በየምሽቱ የእጅ ሬዲዮዬን ከፍቼ የሰው ጨዋታ እሰማለሁ፤ አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ «ዛሬስ ይቅር» ብዬ አጠፋዋለሁ።

መጀመሪያ በእንግሊዝኛዬ አሳበብኩ። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። እኛ ዘንድ ሰው ሲያወራ ሰሚው ዝም አይልም። «እህ… እሺ… ውይ… በሞቴ!» እያለ ያጅበዋል፤ ወደ ውስጥ በምትሳብ ትንፋሽ ብቻ እንኳ «አዎ» ይለዋል። ሰላምታችንም እንዲሁ ነው፤ «ደህና ነህ» እና «እግዚአብሔር ይመስገን» አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል፤ ሁለቱም እያወሩ ሁለቱም ይደማመጣሉ። የእጅ ሬዲዮ ይህን አያውቅም። ሲያወራ አይሰማም፣ ሲሰማ አያወራም። ሁለት ሰው እኩል ከተጫነ የሚወጣው ጩኸት ነው። ስለዚህ አንዱ ሲናገር ሌላው ጸጥ ይላል፤ «እህ» ባይ የለመደ ጆሮ ደግሞ ያንን ጸጥታ «የሚሰማኝ የለም» ብሎ ይተረጉመዋል። የፈራሁት ሬዲዮውን ሳይሆን ይህን ዝምታ ነበር።

አንድ ማታ ከፈቃዱ ጋር የተሰጠኝን መለያ፣ ማለትም የጥሪ ምልክቴን፣ ስሜንና ያለሁበትን ከተማ ወረቀት ላይ ጽፌ ቁልፉን ተጫንኩ። ጽሑፉ አያስቅም፤ ሰው ሲደነግጥ የገዛ ስሙም ይጠፋዋል። ግን መጫኔና መናገሬ አንድ ሆነ። ድምፄን የሚያሻግረው ሪፒተር የሚባል፣ ከፍታ ላይ የተተከለ ጣቢያ ነው፤ የኔን 5 ዋት ደካማ ድምፅ ተቀብሎ በሌላ ፍሪኩዌንሲ አጉልቶ ይለቀዋል። እስኪነቃ ግን ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። የጥሪ ምልክቴን ግማሽ በላው። አንድ አረጋዊ መጨረሻውን ብቻ እንደሰሙ ነገሩኝ፤ ቁልፉን እንድጫን፣ አንዴ እንድተነፍስ፣ ከዚያ እንድናገርም መከሩኝ። በሁለተኛው ሙሉው ደረሰ። የሳቀብኝ አልነበረም። ዝም ብለው የቆዩት ሁሉ ሲሰሙኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አፌን ያፍታቱልኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው መኪና ውስጥ ነው። መብራት ሲይዘኝ የፊቴን መኪና ታርጋ «አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ» እያልኩ አነባለሁ፤ ፊደልን እንዲህ በስም መጥራት ምላስ ላይ ካልተላመደ አየር ላይ አይመጣም። ሁለተኛው ኔት የሚባለው የምሽት ስብስብ ነው። እዚያ አንድ አስተናጋጅ ተራ ይሰጣል። ጀማሪው የጥሪ ምልክቱን ተናግሮ «ሌላ ነገር የለኝም» ቢል ማንም አይከፋውም። በማኅበር ላይ ዳር ተቀምጦ ጸበል እንደመቅመስ ነው።

ተራ መልቀቅም ይለመዳል። ሌላው ተናግሮ ሲጨርስ ወዲያው አልጫንም፤ አንድ ሁለት ሰከንድ እተዋለሁ፤ አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ሰው መግባት የሚችለው በዚያች ክፍተት ነው። ብዙ ሪፒተሮች ደግሞ ሦስት ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ ያወራን ሰው ራሳቸው ይቆርጡታል። የኛ አገር ሰላምታ ከነቤተሰቡ ከተጠየቀ ሦስት ደቂቃ አይበቃውም!

ቨርጂኒያ ካለ ጓደኛዬ ጋር አንዳንዴ በአማርኛ እንጫወታለን። ሕጉ ይፈቅዳል። የጥሪ ምልክታችንን ግን በየ10 ደቂቃውና መጨረሻ ላይ በእንግሊዝኛ መናገር ግድ ነው።

አገር ቤት ነገሩ ይገለበጣል። የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክት በኢ ቲ ይጀምራል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው የክበብ ጣቢያም ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ይባላል። እንዲህ ያለ ብርቅ ምልክት በአጭር ሞገድ ሲሰማ ከየአገሩ የሚመልሰው ሰው ብዙ ስለሆነ ድምፁ አንድ ላይ ይጎርፋል። እዚያ ያለውን ጀማሪ የሚያስጨንቀው ዝምታ ሳይሆን ጫጫታ ነው። መድኃኒቱ ግን ያው ማዳመጥ ነው፤ ከጫጫታው ሁለት ፊደል ለይቶ ይይዛል፣ ያንኑ መልሶ ይጠራል፣ ባለቤቱ ብቻ እስኪመልስ ይጠብቃል።

ፈቃዱን አውጥታችሁ ሬዲዮውን መሳቢያ ውስጥ የከተታችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ አውጡት። ተጫኑ፣ ተንፍሱ፣ የጥሪ ምልክታችሁን፣ ስማችሁንና ቦታችሁን ተናግራችሁ ቁልፉን ልቀቁ። ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል።