ቲያን «አሳተመ» ወይስ «አሳተመች»?

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ግሥ ነው። ለዚህ እትም ከጀርመን የሮማንቲክ ዘመን ሥነ ጽሑፍ ጥቂት እናቅርብ ብለን ስንሰናዳ ከመካከላችን አንዱ ረቂቁን «ቲያን የመጀመሪያ መጽሐፉን በ1804 አሳተመ» ብሎ ይከፍታል። አጠገቡ የተቀመጠችው ጓደኛችን ቀይ እስክሪብቶ አንስታ «መጽሐፏን አሳተመች» ስትል ታርመዋለች። ጭቅጭቁ እስከ እኩለ ሌሊት አልበረደም። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ቲያን ነው፤ ከስሙ ጀርባ ያለችው ካሮሊነ ፎን ጉንደሮደ ናት። በጀርመንኛ «ቲያን ጻፈ» ሲባል ግሡ ስለ ጾታ ትንፍሽ አይልም። የእኛ ግሥ ግን ሳይጠየቅ ይመሰክራል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።)

«ምን አለበት፣ የሰዋስው ጉዳይ እኮ ነው» የሚል አይጠፋም። እኛም መጀመሪያ እንደዚያ ብለን ነበር። ኋላ ስናየው ግን ይህችን ደራሲ ከሞተች ጀምሮ ሲከተላት የኖረው ጥያቄ ይኸው ሆኖ አገኘነው፦ የሚነበበው ጽሑፉ ነው ወይስ ሴትዮዋ?

ሕይወቷን ባጭሩ እንናገርና እንለፍ። በ1780 ካርልስሩኸ ተወለደች። አባቷ የባደን ቤተ መንግሥት ሹም ነበር፤ እሷ ገና ልጅ ሳለች በ1786 ሞተ። ስሙ የመኳንንት፣ ኪሱ ግን ባዶ የሆነ ቤተ ሰብ ሴት ልጁን የት ያደርሳታል? በ1797፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ፍራንክፈርት ከተማ ላላገቡ የመኳንንት ሴቶች በተቋቋመ የፕሮቴስታንት ማደሪያ ገባች። ገዳም አይሉት፣ መኖሪያ ቤት አይሉት። እዚያ ክፍሏ ውስጥ ሆና ፊኽተን፣ ሼሊንግን፣ ኖቫሊስን እያነበበች ማስታወሻ ትይዝ ነበር፤ ማስታወሻዎቹ ዛሬም አሉ። ዓይኗን ያማት ነበር፣ ራሷንም እንዲሁ። ማንበቡን ግን አልተወችውም።

ዩኒቨርሲቲ አልገባችም። የሃይደልበርግና የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲዎች ሴትን እንደ ሙሉ ተማሪ መመዝገብ የጀመሩት በ1900 ነው፤ በጀርመን አገር ቀዳሚዎቹም እነሱ ናቸው። እሷ ከተወለደች ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! እኛ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን የምናንቀላፋበትን ትምህርት ለመስማት እሷ የወንድ ልብስ ለብሳ መግባትን አስባ ነበር። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከምትወደው ሰው ጋር በደብዳቤ የተመከረበት ጉዳይ ነው። ወደ ሰውየው ኋላ እንመጣለን።

አሁን ስለ ብዕር ስሙ። የተለመደው አስተያየት «በዚያ ዘመን ሴት በስሟ ብትጽፍ ነውር ነበርና ተሸፈነች» የሚል ነው። ሐሰት አይደለም። ዶሮቴያ ሽሌገል በ1801 «ፍሎረንቲን» የተባለውን ልብ ወለዷን ስታወጣ መጽሐፉ ላይ የታተመው የአዘጋጁ የፍሪድሪኽ ሽሌገል ስም ነበር፣ የእሷ የለም። ቤነዲክተ ናውበርትም በርካታ ታሪካዊ ልብ ወለዶች ጽፋ ስሟ ለሕዝብ የተገለጠው በ1817፣ ልትሞት ሁለት ዓመት ሲቀራት ነው። ስለዚህ መሸፈኑ የዘመኑ ግዴታ ነበር። እኛ የማንስማማው ቲያን የሚለው ስም መሸፈኛ ብቻ ነው ከተባለ ነው። መሸፈኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከስሩ የሚገኘው ያው ከአንዲት የመኳንንት ልጅ የሚጠበቀው ጽሑፍ በሆነ፤ የፍቅር ደብዳቤ፣ የቤት ውስጥ ልብ ወለድ፣ ለልደት የሚገጠም ግጥም። ቲያን ግን ምን ጻፈ? (እዚህ ላይ ሆን ብለን «ጻፈ» ብለናል፤ ጓደኛችን ትታገሠን።) ስለ ነቢዩ መሐመድ ተውኔት ጻፈ። ስለ አቲላ ዘመን ተውኔት ጻፈ። በሕያዋንና በሙታን መካከል ስላለው ግንኙነት የፍልስፍና ምልልስ ጻፈ። በሃያ አንድ ዓመቷ ለጓደኛዋ ለጉንዳ ብሬንታኖ በላከችው ደብዳቤ ምነው ወንድ በሆንሁ፣ የጀግና ሞት በሞትሁ የሚል የቆየ ምኞቷን ገልጣ፣ ሴቶች መልካም ምግባር የሚሏቸው ነገሮች ለእሷ እንደማይጥሟት ተናግራለች። ያ ምኞት በማደሪያው ቤት ቦታ አልነበረውም። በቲያን መጻሕፍት ግን አገኘ።

ክሌመንስ ብሬንታኖ የተባለው የታወቀ ገጣሚ፣ የጉንዳና የቤቲና ወንድም፣ በ1804 መጽሐፉ እንደ ወጣ ደራሲው ማን እንደሆነ ወሬው ደረሰውና ደብዳቤ ጻፈላት። ካሞገሰ በኋላ ሁለት ነገር ይነቅፋል። አንደኛ፣ ግጥሞቹ በወንድና በሴት መካከል ይዋልላሉ፤ ሁለተኛ፣ አንዳንዱ ግጥም ከመሆን ይልቅ በደንብ የተሠራ የቤት ሥራ ይመስላል።

ሁለተኛውን ነቀፋ እንቀበላለን። «ሙታን መናፍስት» ብለን የምንተረጉመውን ምልልስ እንይ። አንድ ተማሪ የስዊድኑን ንጉሥ የጉስታቭ አዶልፍን ታሪክ ሲያነብ፣ ያ ታላቅ ሰው ከሞተ ብዙ ዘመን ማለፉን አስቦ እንደ ቅርብ ዘመድ ያለቅስለታል። ግሩም መነሻ ነው! ያላየነውን ሰው እንዴት እናዝንለታለን? የተማሪው ጥያቄ ሥጋና ደም አለው። መምህሩ ሲመልስ ግን ስለ ስምምነት፣ ስለ ውስጣዊ ስሜት፣ ስለማይታየው ግንኙነት የሚናገረው ነገር በቀጥታ ከደብተር የተቀዳ ይመስላል። መምህራን ይቅር ይበሉንና፣ ተማሪው ዝም ሲል ጽሑፉም ዝም ይላል።

የመጀመሪያው ነቀፋ ግን ነቀፋ ሆኖ አልታየንም። ብሬንታኖ እንደ ጉድለት የቆጠረው ነገር የመጽሐፉ ዋና ሀብት ነው። ማስረጃችን «የራእይ ቁራጭ» የተሰኘው አጭር ስድ ንባብ ነው። እንደ መጽሐፍ ቅዱስ በቁጥር በቁጥር ተከፋፍሏል። ተናጋሪው ከባሕር መካከል ከፍ ያለ ዓለት ላይ ቆሟል፤ ምሥራቅ በፊቱ፣ ምዕራብ በኋላው። ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ያያል፤ እየቆየ ራሱን ያጣል፤ ከባሕሩ እንደ ጠብታ ይሆናል፣ ከዳር ድንበሩም ይፈታል። ተናጋሪው ስም የለውም፣ ዕድሜ የለውም፣ ዘር የለውም። ወንድ ነው ሴት? አይታወቅም፤ ባለመታወቁም የሚጎድል ነገር የለም። ስሙን የለወጠ ሰው አንድ እርምጃ አልፎ «እኔ» የሚባለውን ሲለቅ ማየት ነው። ካሮሊነ ተብሎ ቢታተም አንባቢው ከዓለቱ ላይ ጥቁር ቀሚስ የለበሰች ልጃገረድ ይፈልግ ነበር፣ ብሬንታኖም እንደዚያው።

«ሂልድጉንድ» የተባለው ተውኔትም አለ፤ በ1805 በወጣው ሁለተኛው የቲያን መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ ነው። ሂልድጉንድ እጮኛ ያላት የቡርጉንድ ልዕልት ናት። አቲላ ሊያገባት ይፈልጋል፤ እምቢ ካለች አገሯ በጦር ይጠፋል። እሺ ትላለች፣ በልቧ ግን በሠርጉ ልትገድለው ወስናለች። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ያ ትዕይንት ነው። ተውኔቱ ግን ከዚያ በፊት ያልቃል። ከእኛ አንዳንዶቹ «አልተጨረሰም፣ ድርሰቱ ከሽፏል» አሉ። ለብዙዎቻችን ግን ያ መቆም ተገቢ መሰለን፤ ደራሲዋን የያዛት ውሳኔው ነውና። አንዲት ሴት የሕዝብን ዕጣ በእጇ መያዟን አውቃ፣ ገና ማንም ሳያውቅባት የምትቆምበት ያ አንድ ሰዓት ነው። ከግድያው በኋላማ ወይ ጀግና ትባላለች ወይ ወንጀለኛ፤ ስም ይወጣላታል።

ውዳሴ ብቻ እንዳይሆንብን የማንወድላትንም እንናገር። «የማላባር መበለቶች» የሚል ሶኔት አላት። የህንድ መበለቶች ከሞተው ባላቸው ጋር ለመቃጠል ወደ እሳቱ ሲሄዱ ሞታቸውን እንደ ሠርግ፣ ነበልባሉን እንደ ፍቅር መዋሐጃ አድርጋ ትቀኛለች። ግጥሙ ያምራል፤ ማማሩ ነው የሚያስቆጣው። እሷ ህንድን አላየችም፤ ያየችው በዚያ ዘመን ጀርመኖች ከመጻሕፍት የሠሩትን ህንድ ነው። ከራሷ ማደሪያ ቤት ለመውጣት ስትታገል የኖረች ሴት፣ የሌላ አገር ሴት መውጫ በሌለው እሳት ውስጥ ስትገባ እልልታ ትሰማለች! መበለቲቱ በግጥሙ ውስጥ አንድ ቃል አትተነፍስም። እዚህ ላይ ቲያን ያሰበው ስለ ራሱ ሞትና ፍቅር ነው፣ ሴቶቹ ምሳሌ ናቸው። የመልኩ ውበት ይዘቱን አያድነውም፤ በዚህ ሁላችንም ተስማምተናል።

ወደዚያ ሰው እንምጣ። ፍሪድሪኽ ክሮይጸር ይባላል፤ የሃይደልበርግ የጥንታዊ ቋንቋዎች መምህር፣ ኋላ ስለ ጥንታውያን ሕዝቦች ምሳሌና ሚቶሎጂ በጻፈው መጽሐፍ የታወቀ ምሁር። ከ1804 ጀምሮ ተዋደዱ። እሱ በዕድሜ ብዙ የምትበልጠው ሚስት ነበረችው። በደብዳቤዎቻቸው ነገሩ እንዳይታወቅ ካሮሊነን «ወዳጁ» እያሉ በወንድ አንቀጽ ይጠሯት ነበር። ሥራዎቿን የሚያነብላትና ተውኔቶቿን የሚያሳትምላትም እሱ ነበር፤ ሁለቱ ከካርል ዳውብ ጋር በሚያዘጋጀው «ጥናቶች» በተባለ መድበል በ1805 ወጥተዋል። በ1806 ክረምት [ጁላይ] ታመመ፣ ከሚስቱ ጋር ለመቅረት ወሰነ፣ መቁረጡንም በሰው አስነገራት። ጁላይ 26 ቀን ከራይን ወንዝ ዳር፣ ቪንከል በተባለች መንደር፣ በሃያ ስድስት ዓመቷ በራሷ እጅ ሞተች። ከዚህ በላይ አንዘረዝርም። የሚዘረዝሩ መጻሕፍት ሞልተዋል፤ ስሟን ሰምቶ አንድ ግጥሟን ያላነበበ ሰውም የአሟሟቷን ነገር ያውቃል።

የማይታወቀው ሌላው ነገር ነው። ሦስተኛው መጽሐፍ፣ «መሌቴ»፣ በዚያ ሰሞን ለኅትመት ተሰጥቶ ነበር። ርእሱ ከጥንት የግሪክ የጥበብ አማልክት የአንዷ ስም ነው። የብዕር ስሙም ተለውጦ «ኢዮን» ሆኗል። ክሮይጸር መሞቷን እንደ ሰማ መጽሐፉን አሳገደው። ለምን? በግጥሞቹ ውስጥ ኦይዜቢዮ የተባለው ሰው እሱ መሆኑ እንዳይታወቅበት ፈርቶ። እንግዲህ የብዕር ስም ነገር እዚህ ላይ ይገለበጣል። ኢዮን የሚለው ስም እሷን ሸፍኗታል፤ እሱን ግን አልሸፈነውም፣ እሱም ያልተሸፈነው እኔ ነኝ ብሎ መጽሐፉን ቀበረ። ክሮይጸር እስከ 1858 ኖረ። «መሌቴ» ለአንባቢ የደረሰው በ1906 ነው፤ መቶ ዓመት ሙሉ!

በዚህ መቶ ዓመት ውስጥ ስሟን ያቆየችው ቤቲና ናት። ያኔ ቤቲና ፎን አርኒም ተብላ፣ በ1840 «ጉንደሮደ» የተባለውን መጽሐፍ አወጣች። የሁለቱን ደብዳቤዎች ይዟል፤ ቤቲና ግን እንደ ልቧ አዋህዳ፣ ቀጥላ፣ አሳምራ ነው ያቀረበቻቸው። የታሪክ ማስረጃ የሚፈልግ ይጠንቀቅ። ደስ የሚለው ነገር ቤቲና መጽሐፉን ያበረከተችው ለተማሪዎች መሆኑ ነው፤ እኛም ድርሻችን ነው ብለን ወስደነዋል። ኋላ በ1979 የምሥራቅ ጀርመኗ ክሪስታ ቮልፍ አንድ ሥራዋን ካሮሊነና ሃይንሪኽ ፎን ክላይስት በ1804 ቪንከል ላይ ቢገናኙ በሚል ምናባዊ ታሪክ ላይ አቆመች፤ በዚያው ዓመት የካሮሊነን ግጥሞች፣ ስድ ንባቦችና ደብዳቤዎችም ሰብስባ ከሰፊ ድርሰት ጋር አወጣች። የቤቲና መጽሐፍ ጓደኛዋን ሰጠን፣ የቮልፍ ስብስብ ግን ጽሑፎቹን ሰጠን። የጀርመንኛ ችሎታ ያለው ተማሪ በሁለተኛው ቢጀምር ይሻለዋል።

እኛ ራሳችን ከዚህ ነፃ አይደለንም። በዚህ መጽሔት ሳጥን ውስጥ ከሚጣሉት ግጥሞች ብዙዎቹ በብዕር ስም የተፈረሙ ናቸው። አዘጋጆች ሆነን ስንሰበሰብ የመጀመሪያው ወሬያችን ምንድነው? «ይኼ የማን ጽሕፈት ነው? የሴት አይመስልም?» ግጥሙ የሚነበበው ከዚያ በኋላ ነው። አንዴም የጸሐፊዋን ማንነት ደርሰንበት፣ ግጥሙን ትተን የተገጠመለትን ልጅ ስንፈልግ አመሸን። ግጥሙ አልወጣም። ልጅቷም ከዚያ ወዲህ አልላከችልንም።

ለዚህ እትም የመረጥነው ያን የራእይ ቁራጭ ነው፤ ትርጉሙን በሚቀጥለው ገጽ ታገኙታላችሁ። ስንተረጉመው አንድ ነገር አስገረመን። ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው አንድም ጊዜ አልተጨቃጨቅንም። ተናጋሪው «እኔ» ነውና፤ «ቆምሁ»፣ «አየሁ»፣ «ሆንሁ» ሲባል የእኛም ግሥ ወንድ ሴት አይለይም። ከመግቢያው ላይ «አሳተመች» ብለናል፣ ጓደኛችን ረታለች። ከጽሑፉ ግርጌ ግን የሰፈረው ስም እሷ ራሷ ያሰፈረችው ነው፦ ቲያን።