ከአዝራሩ በፊት የጽሑፍ ሳጥኑ

አንድ ፕሮግራም በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም እንዲሠራ ሲፈለግ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከመልክ ነው፤ የማን አዝራር ያምራል፣ የማን መስኮት ዘመናዊ ነው። እኔ የመስኮቱና የአዝራሩ መሥሪያ የሆነውን ቱልኪት ስመርጥ ሌላ ምንም የሌለበት የጽሑፍ ሳጥን ከፍቼ «ሰላም» ብዬ እጽፍበታለሁ።

በድምፅ በሚጻፍበት ኪቦርድ «ኤስ»ን ስጫን «ስ» ይወጣል፤ አስከትዬ «ኢ»ን ስጫን ያ «ስ» ጠፍቶ በቦታው «ሰ» መግባት አለበት። ኪቦርዱ ፕሮግራሙን ያለፈውን ፊደል አንሥተህ ይህን ተካ እያለው ነው። ቱልኪቱ መልእክቱን አጓድሎ ከተቀበለ «ስሰ» ይቀራል፤ ቀኑን ሙሉ የክሊኒክ መዝገብ የምትሞላ ጸሐፊም በየቃሉ እየተመለሰች ስትሰርዝ ትውላለች። ስለዚህ ቃል መሀል ገብቼ አርማለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ ቀድቼ እለጥፋለሁ። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ደጋግሜ እሞክራለሁ።

በ1992 በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ደብሊውኤክስ ዊጀትስ የየሲስተሙን ሳጥን ስለሚጠቀም ሲስተሙ የሚያውቀውን አጻጻፍ ይወርሳል። ከኖርዌይ የመጣው ኪዩት አብዛኛውን ራሱ ይሥላል፤ መልኩ በየትም ይቀራረባል፣ የጽሑፉን ጣጣ ግን አብሮ ይሸከማል፤ ደግሞም በደንብ ችሎታል። ኤሌክትሮን ክሮሚየምን ሙሉውን ይዞ ስለሚመጣ አማርኛው አያስቸግርም፤ ራም ያነሰው የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ግን ለአንድ መዝገብ መያዣ ሙሉ ብሮውዘር መጫን ለእኔ አይዋጥልኝም።

ኪዩትን በፓይተን የሚጠቀም ሰው የማገናኛውን ፈቃድም ቀድሞ ያንብብ። ፓይኪዩት ወይ ጂፒኤል ነው ወይ ይከፈልበታል፤ ፓይሳይድ ግን በኤልጂፒኤል ይገኛል። ኮዱን ለማይከፍት ደንበኛ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የቀን መቁጠሪያው ላይ ግን ለኤሌክትሮን አደላለሁ፤ ጃቫስክሪፕቱ ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስልቶ ያሳያል። ኪዩት ከ5.14 ጀምሮ የፋርስንም የእስልምናንም አቆጣጠር አካቷል፣ የእኛን ግን አላካተተም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሆኖም ለክሊኒክ መዝገብ አሁንም ኪዩትን እመርጣለሁ። የቀን መምረጫውን ራሴ እጽፋለሁ፤ ዐሥራ ሦስተኛውን ወር አስገብቼ በመጀመሪያ የምፈትነውም ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ መስከረም 1 ቀን 2016 መምጣት አለበት።