የሌሊት ውኃ
ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ፣ መራዊ አጠገብ፣ የቆጋ መስኖ አለ። ሰው የሚያደንቀው ግድቡን ነው፤ ከ80 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ይይዛል፣ የታሰበውም 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ ነው። እኔን የሚማርኩኝ ግን የሌሊት ማጠራቀሚያዎቹ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዋናው ቦይ ውኃ ሌትም ቀንም እንዲፈስ ታስቧል፤ ገበሬው ግን ስንዴና ድንቹን በጨለማ አያጠጣም። ስለዚህ ሌሊት የወረደው ውኃ በየማጠራቀሚያው ያድራል፣ ሲነጋ ይለቀቃል። ለቀኑ ጥድፊያ ሲባል ቦዩን ማስፋት አላስፈለገም።

ከማጠራቀሚያዎቹ በታች ያለው የውኃ አባት፣ ማለትም የውኃ አከፋፋዩ፣ ሥራ ነው፤ ለገበሬዎቹ ተራ ያወጣል። የላይኛው ገበሬ ያለ ተራው ከጠለፈ የታችኛው ሽንኩርት ይጠወልጋል፣ ክሱም የውኃ አባቱ ዘንድ ይመጣል። በውጭ አገር የጋዝ ቧንቧ የሚጋሩ ደንበኞችም ተመሳሳይ ጣጣ አለባቸው፤ በዕለቱ ያስገቡትና የወሰዱት ካልተመጣጠነ ልዩነቱ ተሰልቶ በደረሰኝ ይከፍላሉ። እዚህ ሒሳቡን ይዞ የሚመጣው ባለ አካፋ ጎረቤት ነው፤ እኔ ደረሰኙን እመርጣለሁ።

ተራው ሲያልቅ አንድ ጎረምሳ ጭቃ ሁለቴ ዝቆ የቦዩን አፍ ይደፍናል። ውኃው ጥቂት ያመነታና ወደ ቀጣዩ ማሳ ይዞራል።